በማጠቢያ ገንዳ ውስጥ የበራው ብርሃን

እ.ኤ.አ. በ1961 የበጋ ወራት፣ በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ሳን ሁዋን በምትባል ደሴት ላይ በሚገኝ የባሕር ምርምር ጣቢያ ውስጥ፣ አንድ ጃፓናዊ ኬሚስት ከጄሊፊሽ ገላ የተጨመቀ ፈሳሽ ይዘው ቆመው ነበር። ፈሳሹ ያበራል፤ ነገር ግን ብርሃኑ እጅግ ደካማ ነው። መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ የተረፈውን ወደ ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ደፉት። በዚያው ቅጽበት የገንዳው ውስጥ በደማቅ ሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ።

በገንዳው ውስጥ ከአጠገቡ ካለው የባሕር እንስሳት ማኖሪያ ሞልቶ ከሚፈሰው የባሕር ውሃ በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። እኚህ ኬሚስት ኦሳሙ ሺሞሙራ ይባላሉ። ብርሃኑን የቀሰቀሰው በባሕር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ካልሲየም ሲነካው የሚያበራውን ፕሮቲንም ከጄሊፊሹ ሳይንሳዊ ስም ከኤኮሪያ በመነሣት «ኤኮሪን» ብለው ሰየሙት።

ግኝቱ ለጊዜው የባሕር እንስሳትን ከሚያጠኑ ጥቂት ሊቃውንት በቀር ማንንም የሚገድ አይመስልም ነበር። ውሎ አድሮ ግን ኤኮሪን ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር፣ ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ እንቁላል በፅንሰት ጊዜ እንዴት ከእንቅልፉ እንደሚነቃ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ለመመልከት ካስቻሉት መሣሪያዎች ግንባር ቀደሙ ሆነ። የሚያስደንቀው ግን ፕሮቲኑን ያገኙት ሰው ስለ ልብም ሆነ ስለ ጡንቻ አለመጠየቃቸው ነው። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፦ ይህች ፍጥረት የምታበራው እንዴት ነው?

የኢሳሃያው ወጣት

ሺሞሙራ በ1928 በኪዮቶ አውራጃ በፉኩቺያማ ከተማ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው የጦር መኮንን ስለ ነበሩ ልጅነታቸው በማንቹሪያና በጃፓን ከተሞች መካከል በመዘዋወር አለፈ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ ቤተሰቡ ከናጋሳኪ ብዙ በማትርቀው በኢሳሃያ ይኖር ነበር። ኦገስት 9 ቀን 1945 የአሥራ ስድስት ዓመቱ ወጣት በተመደቡበት ፋብሪካ ሥራ ላይ እንዳሉ ኃይለኛ የብርሃን ብልጭታ በመስኮት ገብቶ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዐይናቸውን አሳወረው። ማምሻውን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጥቁር ዝናብ አበሰበሳቸው። ቤት ሲደርሱ አያታቸው ፈጥነው ገላቸውን አስታጠቧቸው። ከጨረሩ ጉዳት ያተረፋቸው ያ መታጠብ ሳይሆን እንደማይቀር ሺሞሙራ ከብዙ ዓመታት በኋላ አውስተዋል።

በጦርነቱ ትምህርታቸው ተቋርጦባቸው ስለ ነበር ኮሌጅ መግባት ቀላል አልሆነላቸውም። የናጋሳኪ ሕክምና ኮሌጅ ሕንፃ በቦምቡ በመውደሙ የፋርማሲ ክፍሉ ለጊዜው ወደ ኢሳሃያ፣ ከቤታቸው አጠገብ መጣ። ሺሞሙራ ለፋርማሲ ሙያ የተለየ ፍቅር አልነበራቸውም፤ የተከፈተላቸው በር ግን ያ ብቻ ስለ ነበር ገቡበት፤ በ1951ም ተመረቁ። የኋላ ኋላ ዓለም ያወቃቸው ኬሚስት የተገኙት እንዲህ ባለ አጋጣሚ ነው።

በ1955 ወደ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ፕሮፌሰር ዮሺማሳ ሂራታ ሌሎች ያልተወጡትን ሥራ ሰጧቸው። ሲፕሪዲና የምትባል፣ ርዝመቷ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ ቅርፊት ለበስ የባሕር እንስሳ አለች፤ ደርቃ እንኳ ውሃ ሲነካት ታበራለች። ከእርሷ ውስጥ ብርሃን ሰጪውን ንጥረ ነገር በንጹሕ ክሪስታል መልክ ለማውጣት በአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ተሞክሮ አልተሳካም ነበር። ሺሞሙራ አሥር ወር ደከሙ። በ1956 አንድ ምሽት አሲድ ጨምረው ትተውት የሄዱት ፈሳሽ በማግስቱ ጠዋት ቀይ ክሪስታል ሆኖ ጠበቃቸው። የዚህ ሥራ ዝና ፕሪንስተን ደረሰና ፕሮፌሰር ፍራንክ ጆንሰን ወጣቱን ኬሚስት ጋበዟቸው። ሺሞሙራም በ1960 በመርከብ ወደ አሜሪካ ተጓዙ።

በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ወገን

በዚያ ዘመን ሕያዋን ፍጥረታት ብርሃን ስለሚሰጡበት መንገድ አንድ የታወቀ ትምህርት ነበር። በ1880ዎቹ ፈረንሳዊው ራፋኤል ዱቦይስ የሚያበሩ ጥንዚዛዎችንና የባሕር እንስሳትን መርምረው፣ ብርሃን የሚወለደው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰው ነበር፤ አንዱ የሚቃጠለው «ሉሲፈሪን»፣ ሁለተኛው የሚያቃጥለው ኢንዛይም «ሉሲፈሬዝ» ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያበራ ፍጥረት ያጋጠመው ተመራማሪ ሁሉ የሚፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነበር።

ፕሮፌሰር ጆንሰን ስለ ጄሊፊሷ ለሺሞሙራ የነገሯቸው ሺሞሙራ ፕሪንስተን እንደ ገቡ ነው። ኤኮሪያ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ያለች፣ ገላዋ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ፍጥረት ናት፤ ስትነካ በጃንጥላዋ ጠርዝ ዙሪያ የተደረደሩ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች በአረንጓዴ ይበራሉ። በ1961 ክረምቱ ሲያልፍ ሁለቱ ሳይንቲስቶች፣ የሺሞሙራ ባለቤት አኬሚና አንድ ረዳት በአንድ መኪና ተሳፍረው፣ ከአትላንቲክ ዳርቻ እስከ ፓስፊክ ዳርቻ አሜሪካን አቋርጠው ሰባት ቀን ተጓዙ። ፍራይደይ ሃርበር በተባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ሲደርሱ ጄሊፊሾቹ በወደቡ ዳር እንደ ጅረት ይፈስሱ ነበር። በእጅ መረብ እያፈሱ ያወጧቸዋል፤ ጠርዛቸውን እየቆረጡ፣ የተቆረጠውን በሻሽ ጨምቀው ፈሳሹን ይወስዳሉ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ጀመረ። ሉሲፈሪንና ሉሲፈሬዝን ለይቶ ለማውጣት የሚያውቁት ዘዴ ሁሉ አልሠራ አለ። ሺሞሙራ ለጆንሰን አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ስለ ሉሲፈሪን ማሰባችንን ትተን፣ ምንም ይሁን ምን የሚያበራውን ነገር ራሱን እንፈልግ አሉ። ጆንሰን አላመኑበትም። ከዚያ በኋላ በአንዱ ጠረጴዛ ወገን ሺሞሙራ ብቻቸውን፣ በሌላው ወገን ጆንሰንና ረዳታቸው በቀድሞው መንገድ ይሠሩ ጀመር። ጋብዘው ካመጧቸው ታላቅ ሰው ጋር እንዲህ መለያየት ለአንድ ጃፓናዊ ወጣት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ሺሞሙራ ራሳቸው ሁኔታው የማይመች እንደ ነበር በኖቤል ንግግራቸው አልሸሸጉም።

ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፉ ወደ ባሕረ ሰላጤው መካከል ይወጡና በጀልባዋ ውስጥ ጋደም ብለው ያሰላስሉ ነበር። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ መላው ተገለጠላቸው። ብርሃኑ የሚመነጨው ከየትኛውም ዓይነት ፕሮቲን ቢሆን፣ ፕሮቲን የአሲድ መጠን ሲለወጥበት ሥራውን ያቆማል፤ ስለዚህ ብርሃኑን ለጊዜው የሚያስተኛ፣ ነገር ግን የማይገድል የአሲድ መጠን ሊኖር ይገባል። ጀልባዋን መልሰው ወደ ቤተ ሙከራ ገሠገሡ። እንዳሰቡትም ፈሳሹ አሲዱ በርከት ሲልበት ብርሃኑን አጠፋ። አጣርተው በጥቂት ሶዳ አሲዱን ሲያበርዱት ደግሞ ደብዘዝ ብሎ በራ። ቀሪውን ወደ ገንዳው የደፉት በዚህ ጊዜ ነበር።

የባሕር ውሃው ምሥጢሩን አወጣ። ካልሲየም የሚያበራው ከሆነ ካልሲየምን የሚይዝ ኬሚካል ብርሃኑን ጠብቆ ያቆየዋል። ስለዚህ ኢዲቲኤ የተባለውን ካልሲየም ሰብሳቢ ኬሚካል እየጨመሩ ፈሳሹን ሳያባክኑ ለማጣራት ቻሉ። በዚያ በጋ ወደ 10,000 ከሚጠጉ ጄሊፊሾች የተገኘው ንጹሕ ኤኮሪን አምስት ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነበር። ውጤቱ በ1962 ታተመ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ፣ በማጣራቱ ሂደት አብሮ ስለ ወጣ አንድ አረንጓዴ ፕሮቲን በጨረፍታ ተጠቅሷል። ወደዚህ ፕሮቲን ኋላ እንመለሳለን።

የለንደን የቧንቧ ውሃ

ኤኮሪን ምን ያህል ተፈላጊ እንደ ነበር ለመረዳት ሰማንያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ለንደን መግባት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር ከእንቁራሪት የወጣ ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እየመታ እንዲቆይ ማድረጋቸውን ጽፈው ነበር። ቆይተው ግን ስህተት አገኙ፤ የጨው ውሃው የተዘጋጀው በተጣራ ውሃ ሳይሆን በከተማው የቧንቧ ውሃ ነበር። በተጣራ ውሃ ሲደግሙት ልቡ ወዲያው ደከመ። የለንደን ውሃ ኖራ ያዘለ ነው፤ የልቡ ምት የተመካውም በዚያ ውሃ ውስጥ ባለው ካልሲየም ላይ ነበር። ሪንገር ይህን በ1883 አሳተሙ።

ካልሲየም ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው አጥንትና ወተት ነው። በእርግጥም በአንድ አዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ካለው አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ካልሲየም 99 በመቶው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ይገኛል። ሕይወትን በየሰከንዱ የሚያንቀሳቅሰው ግን የቀረው ኢምንት ነው። ሕዋስ ካልሲየምን ያለ እረፍት ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ በዕረፍት ጊዜ በውስጡ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውጭው ወደ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። መልእክት ሲመጣ በሩ ይከፈትና ካልሲየሙ ለቅጽበት ይገባል፤ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ዕጢ ይመነጫል፣ ነርቭ ለነርቭ ይናገራል። ከዚያ በሩ ይዘጋል።

ከሪንገር በኋላ ይህን የሚጠራጠሩም የሚያምኑም ነበሩ። በ1947 ሃይልብሩንና ቪየርቺንስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ካልሲየምን በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ በመርፌ አስገብተው እንዲኮማተር አደረጉ። በጃፓንም ሴትሱሮ ኤባሺ በ1960ዎቹ ካልሲየም ጡንቻን የሚያዝዝበትን ፕሮቲን አገኙ። አንድ ነገር ግን ጎደለ፦ ሕያው ሕዋስ ሥራውን በሚሠራበት በዚያች ቅጽበት ካልሲየሙ ሲወጣና ሲገባ ማየት። መልእክተኛው እንደ ሌሊት መንገደኛ ነበር፤ ማለፉ በዱካው ይታወቃል፤ ፊቱ ግን አይታይም።

የተጠመደው ወጥመድ

ኤኮሪን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ነበር። ፕሮቲኑ ሴለንተራዚን የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ከኦክስጅን ጋር አጣብቆ በሆዱ ይዞ፣ እንደ ተጠመደ ወጥመድ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የካልሲየም አዮኖች በተዘጋጀላቸው ቦታ ሲያርፉ ወጥመዱ ይፈታል፤ ሴለንተራዚኑ ይቃጠልና ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። አንዴ የተፈታ ወጥመድ እንደገና እስኪጠመድ ድረስ አያበራም። የብርሃኑ ብዛት የካልሲየሙን ብዛት ይከተላል። ከውጭ ብርሃን ማብራት አያስፈልግም፤ ፕሮቲኑም ሕዋሱን አይጎዳም። ጨለማ ክፍልና ደካማ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ይበቃል።

ይህን በመጀመሪያ በሥራ ላይ ያዋሉት ኤሊስ ሪጅዌይና ክሪስቶፈር አሽሊ ናቸው። የመረጡት እንስሳ ባርናክል ነው፤ ከዐለት ጋር ተጣብቆ የሚኖር፣ በዚያው በፓስፊክ ዳርቻ በግዙፍነቱ የሚታወቅ ዝርያ። የባርናክሉ አንድ የጡንቻ ሕዋስ እንደ ክር ወፍራም ስለ ሆነ በቀጭን የመስታወት መርፌ ኤኮሪን ለማስገባት ይመቻል። በ1967 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር። ጡንቻው በኤሌክትሪክ ሲነካ መጀመሪያ ብርሃኑ ይነሣል፤ ኃይሉ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፤ ጡንቻው ገና ሳይላላ ብርሃኑ መክሰም ይጀምራል። ትእዛዙ ከሥራው እንደሚቀድም በብርሃን ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። በ1978 አለንና ብሊንክስ በእንቁራሪት የልብ ጡንቻ ውስጥ ከእያንዳንዱ ምት ጋር የሚነሣውንና የሚወድቀውን የካልሲየም ሞገድ በኤኮሪን አዩ፤ ሪንገር በቧንቧ ውሃ የጀመሩት ጥያቄ ከ95 ዓመት በኋላ በዐይን የሚታይ መልስ አገኘ። በዚያው ዘመን ሪጅዌይ፣ ጊልኪና ጃፌ ሜዳካ በምትባል የጃፓን ትንሽ ዓሣ እንቁላል ውስጥ ኤኮሪን ጨመሩ። የወንዴው ዘር ከገባበት ቦታ የተነሣ የብርሃን ሞገድ ጥቂት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ እንቁላሉን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ያ ሞገድ ካልሲየም ነበር፤ እንቁላሉን «ተነሥ፣ ጀምር» የሚለው ድምፅ።

የጄሊፊሾቹ ዋጋ

ይህ ሁሉ እውቀት ዋጋ ነበረው። ሺሞሙራ ብርሃኑ የሚወለድበትን ኬሚስትሪ ለማወቅ ቆርጠው ስለ ተነሡ፣ በየበጋው ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ወደ ፍራይደይ ሃርበር ይመለሱ ነበር። አንድ ሚሊ ግራም ብርሃን ሰጪ አካል ለመመርመር ወደ 50,000 የሚጠጉ ጄሊፊሾች፣ ማለትም ሁለት ቶን ተኩል ያህል ክብደት፣ ያስፈልጉ ነበር። አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ አንድ ቢቆርጥ እንኳ ሥራው ከስምንት መቶ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፕሮፌሰር ጆንሰን ሥራውን የሚያፋጥን የመቁረጫ ማሽን እስከ መሥራት ደረሱ። የሁለቱ ሰዎች የጠረጴዛ አለመግባባት ወዳጅነታቸውን አላፈረሰም፤ ለብዙ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። የብርሃን ሰጪው ክፍል ምንነት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተፈታ። በአጠቃላይ ሺሞሙራና ቤተሰባቸው የሰበሰቧቸው ጄሊፊሾች ቁጥር ወደ 850,000 ይጠጋል።

ይህን ጭነት ከባሕሩ ላይ ያነሣው ዘረ መል ነው። በ1985 በጃፓን እነ ሳቶሺ ኢኖዬ፣ በአሜሪካም እነ ዳግላስ ፕራሸር የኤኮሪንን ጂን ለየብቻቸው ቀድተው አወጡ። ከዚያ ወዲህ ፕሮቲኑን ባክቴሪያ ይሠራዋል። እንዲያውም ጂኑን ተቀብሎ ሕዋሱ ራሱ ለራሱ ይሠራዋል። በ1991 በብሪታንያ የኤኮሪን ጂን የተሰጣቸው የትምባሆ ችግኞች ሲነኩና ሲበርዳቸው አበሩ፤ ዕፅዋትም በካልሲየም እንደሚነጋገሩ ታየ። በ1992 በጣሊያን እነ ሪዙቶና ፖዛን የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ወደሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ኤኮሪንን ልከው፣ እዚያም ካልሲየም እንደሚገባ አሳዩ። ጄሊፊሾቹ ግን እፎይታውን በቦታቸው ሆነው አላገኙትም፤ እንደ ጅረት ይፈስሱበት ከነበረው ወደብ በ1990 ገደማ ተሰወሩ። ጂኑ ጥቂት ዓመታት ቢዘገይ ኖሮ ሥራው ያለ ቁሳቁስ በቀረ ነበር።

ሁለተኛው ፕሮቲን

በ1962 በጨረፍታ የተጠቀሰው አረንጓዴ ፕሮቲን የኤኮሪንን ሰማያዊ ብርሃን ተቀብሎ ወደ አረንጓዴ የሚለውጥ ነው፤ ጄሊፊሷ አረንጓዴ ሆና የምትታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ፕሮቲን ረዳት ሞለኪውል ሳያስፈልገው ራሱ የሚያበራ መሆኑ ሲታወቅ የሕዋስ ሳይንስን ሁሉ ለወጠው። በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሺሞሙራ፣ ለማርቲን ቻልፊና ለሮጀር ሲየን የተሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተሸለመው ኤኮሪን ሳይሆን ከኤኮሪን ጋር ሳይፈለግ የወጣው ተረፈ ምርት ነበር። ይሁንና ታሪኩ ወደ ካልሲየም ተመለሰ። ዛሬ ካልሲየምን ለማየት በሰፊው ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ይህን አረንጓዴ ፕሮቲን ከካልሲየም ያዥ ፕሮቲን ጋር በማጣመር የተሠሩ ናቸው፤ የአይጥ አንጎል ሲያስብ የሚበራው በእነርሱ ነው።

ከዝናው ጋር ነጋዴም መጣ። ሴለንተራዚኑ የተለየው ባዶ ፕሮቲን በአሜሪካ መደብሮች ለማስታወስ ችሎታ ይረዳል በሚል በክኒን መልክ ተሸጧል። በ2017 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒው ዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ማስታወቂያው በማስረጃ አልተደገፈም ብለው ከሰሱ፤ በ2024ም ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ማስታወቂያ እንዲቆም አዘዘ። በአፍ የተዋጠ ፕሮቲን እንደ ማንኛውም ምግብ በሆድ ውስጥ ይፈጫል። በቤተ ሙከራ ጨለማ ውስጥ እውነት የሚናገር ነገር ሁሉ በሳጥን ታሽጎ ሲሸጥ እውነት አይሆንም።

ሺሞሙራ ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላም በማሳቹሴትስ በቤታቸው ውስጥ ባዘጋጁት ቤተ ሙከራ ምርምራቸውን ቀጠሉ። በ2018 በዘጠና ዓመታቸው ያረፉት በናጋሳኪ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ዐይናቸውን ያሳወረው ብርሃን በፈነዳበት ከተማ። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ዕድሜያቸውን የሰጡት ለሌላ ዓይነት ብርሃን ነበር፤ ለማያቃጥል፣ በጨለማ ካልሆነ ለማይታይ፣ ባርናክልንም ሆነ የዓሣ እንቁላልን ሳይገድል ውስጣቸውን ለሚያሳይ ብርሃን። ሪንገር የቧንቧ ውሃውን፣ ሺሞሙራ የገንዳውን ውሃ «ስህተት ነው» ብለው ቢያልፉት ኖሮ የልብ ምት ትእዛዝ ለስንት ዓመት ተሰውሮ በቀረ ነበር። ውሃው ለሁለቱም የፈሰሰው በአጋጣሚ ነው፤ ቆም ብለው ለምን ብለው መጠየቃቸው ግን አጋጣሚ አልነበረም።